አማቴ ለጋሪ ዳኞች የቀረቡበት ቅዳሜ

ከአቃቂ ዱከም በፈረስ ጋሪ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሚኒባስ ሞልቶ፣ አውቶቡስ ሞልቶ ምን አግኝቶህ ነው ለምትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ ሚስቴ ልካኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ጋሽ መኮንን ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳማ በሚባል ቀይ ቡናማ ፈረስ ከገበያው ወደ ውስጥ ሰፈሮች ሰው ያመላልሳሉ። በጥቅምት ወር የጋሪያቸው ጎን የአንድ ባጃጅ መስታወት ገጭቶ ሰበረ። ሰው አልተጎዳም፤ ወሬው ግን እኛ የምንኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ባለቤቴ ትዕግስት በዚያው ቀን አባቷ ዘንድ ሄዳ "ዳማ ይሸጥ፤ አንተም እኛ ጋ ና" አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያዳምጡ መዋል እንደማይፈልጉ ነገሯት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲነታረኩ ከረሙ።

በመሀል የአካባቢው ጋሪ ነጂዎች ዱከም ጫፍ ላይ ተሰብስበው ሊወዳደሩ ነው የሚል ነገር መጣ። አማቴ አጋጣሚውን ያዙት። "ልጄ ስለ ጋሪ ምን ታውቃለች? የሚያውቁት ይፍረዱ" አሉ። "አይችልም ካሉኝ ዳማን ሸጬ ጓዜን ይዤ እመጣለሁ። ይችላል ካሉኝ ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሳ።" ትዕግስትም ተስማማች።

እኔ የተላክሁት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጋሪ አንድ ተሳፋሪ ይዞ መቅረብ አለበት የሚል ደንብ ስላለ። ሁለተኛ፣ የዳኞቹን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዳመጣ። ትዕግስት ዋዜማውን "ደረጀ፣ ለአባቴ አዝነህ እንዳትዋሸኝ፤ ለእኔም አዝነህ እንዳትዋሸኝ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ሥራዬም ለዚህ ይመቻል። ቃሊቲ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የጫማ እንከን ስፈልግ ነው የምውለው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አቃቂ

ከኮንዶሚኒየሙ አቃቂ በሃያ ብር ታክሲ ደረስኩ። አማቴ ከእኔ ቀድመው ዳማን ከጋሪው ጋር አስረው ጨርሰዋል። ቆዳው በዘይት ታሽቶ ያበራል። በፈረሱ ደረት ላይ የሚያልፈው ማሰሪያ በንጹህ አቡጀዲ ተጠቅልሏል። ጋሪው ሁለት የመኪና ጎማ፣ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰ መቀመጫና የሸራ ጣሪያ አለው። እኔ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት ተቀመጥን። የልጓሙን ገመድ፣ ዛቡን፣ ይዘው ምላሳቸውን ቅጭ ሲያደርጉ ዳማ ተነሳ። አለንጋው ከጎናቸው ተሰክቷል፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሲያነሱት አላየሁም።

የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ጋሪው ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ ይጋጫል። ድልድዩን ተሻግረን የዋናውን መንገድ ዳር ያዝን። በግራችን ተሳቢዎቹ ሲያልፉ ንፋሳቸው ሸራውን ያርገበግበዋል። እኔ በእያንዳንዳቸው ጸሎት ሳደርግ ዳማ ጆሮውን እንኳ አያዞርም።

ጥቂት እንደሄድን ዳማ ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገድ ዳር ነጭ ፎጣ ራሱ ላይ የጠቀለለ ሰው እጁን አንስቷል።

"ግቢ እናቴ!" አሉ አማቴ።

ሰውዬው ፎጣውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። ፂሙን ያሳደገ ጎረምሳ ነው። "ፋዘር፣ እናትህ እመስላለሁ እንዴ?" አለና ስቆ ዘሎ ወጣ። ገላን አንድ መጋዘን ጭነት ሊያወርድ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ነበር። አማቴም ሳቁ፤ "ብርዱ ሁሉንም ሴት አስመሰለው" አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

"አባባ፣ ዛሬም ይጭናሉ እንዴ? ውድድር አይደለም የምንሄደው?" አልኳቸው።

"ዳማ ከቆመ ቆመ ነው። እጅ ያነሳ ሰው ካየ ሳይጭን አይንቀሳቀስም። ስምንት ዓመት የሠራው ሥራ ነው፤ ዛሬ እረፍት ነው ብትለው አይሰማህም።"

እስከ ገላን ድረስ ሦስት ጊዜ ቆምን። ሦስቱንም ጊዜ ቀድሞ ያየው ፈረሱ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ቆይቼ ነው።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ገላን

ጎረምሳውም ሌሎቹም ሃያ ሃያ ብራቸውን ከፍለው ወረዱ። እኛም ቁርስ ልንበላ ቆምን። የነቢያት ፆም ስለገባ ፉሉ ያለ ቅቤ በዘይት ነው የመጣው፤ ቃሪያው ግን ያነቃል። አንዱ ሳህን መቶ ሃያ ብር፣ ሻይ ሃያ። አማቴ ሻዩን ለማንሳት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተው ብርጭቆውን በጣቶቻቸው ሲያገኙት አየሁ። ስኳሩን ሲጨምሩም ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ አስደግፈው ነው። ሽማግሌ ስለሆኑ ነው ብዬ አለፍኩት። እንከን ፈላጊው ነኝ እንግዲህ!

ከገላን እስከ ዱከም

ከገላን በኋላ ከዋናው መንገድ ወጥተን በውስጥ ጥርጊያ መንገድ ሄድን። እፎይ አልኩ። በሁለቱም በኩል የታጨደ ጤፍ ተከምሯል፤ ያልታጨደው ወርቃማ ሆኖ ተኝቷል። አንዲት ሴት እሸት ሽምብራ ትሸጥ ነበር፤ ዳማ እሷም ጋ ቆመ፤ እጇን አንስታ ነበርና። ወርጄ በአርባ ብር አንድ እቅፍ ገዝቼ ተመልሼ ወጣሁና እየፈለፈልኩ ጉዞ ቀጠልን። በግራችን የረር ፀሐይ አርፎበት ቁልጭ ብሏል። ዝቋላን ለማየት ወደ ቀኝ ዞር አልኩ። ተራራው የለም፤ ጉም ሙሉ በሙሉ ውጦታል።

ያኔ ነው ጎረምሳው፣ ብርጭቆውና የባጃጁ መስታወት አንድ ላይ የመጡብኝ።

"አባባ፣ ዝቋላ ዛሬ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደዚያው አዞሩ። "ጥርት ብሏል" አሉ።

የያዝኩትን ሽምብራ መፈልፈል አቆምኩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። "ዝቋላ ዛሬ አይታይም አባባ። ጉም ነው።"

ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

"ተንኮለኛ ነህ" አሉኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የቀኙ ከፋሲካ ወዲህ ጭስ ጭስ ይለኛል። አሁን ጭራሽ ነጭ ሆኗል። ግራውም ሊከተለው ነው መሰለኝ።"

"ታዲያ ሰው እንዴት ይጭናሉ?"

"ዳማ ያያላ!"

በጣም ተናደድኩ። እኒህ ሰውዬ እርጉዝ ይጭናሉ፣ ተማሪ ይጭናሉ። እኔን ራሴን በተሳቢ መሀል ይዘውኝ መጥተዋል። እንመለስ አልኳቸው። "ከዚህ ከተመለስኩማ ራሴ በራሴ ፈረድኩ ማለት ነው" አሉኝ። "ዳኞቹ እስኪፈርዱ ለትዕግስት እንዳትነግራት። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ።" እሺም እምቢም አላልኩም። በልቤ ግን ወሰንኩ፤ ዳኞቹ ካላዩት እኔ እናገራለሁ። ይህን ከወሰንኩ በኋላ የቀረውን ሽምብራ መቀመጫው ሥር አስቀመጥኩት። የዋህ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠው ፈረሳቸውን በለሰለሰ ድምፅ ያናግራሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እንጀራቸውን እየቆረጥኩ ነው።

4 ሰዓት፣ ሜዳው

ውድድሩ ከዱከም ወጣ ብሎ፣ ጤፍ ከተነሳበት ሜዳ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጋሪዎች ቆመዋል፤ ከቢሾፍቱ የመጡት ጥለት ያሰሩ፣ ከሞጆ የመጡት ቃጭል ያንጠለጠሉ ናቸው። ሕዝቡ በገመድ ከታጠረው ሜዳ ዙሪያ ተኮልኩሏል።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ዶክተር ሰብለ የምትባል የእንስሳት ሐኪም፤ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፈገግታዋ የማይቸኩል ሴት ነች። ሁለተኛው ጋሽ ቶሎሳ፣ ሞጆ ውስጥ አርባ ዓመት ጋሪ የነዱ አዛውንት ናቸው። ሦስተኛው አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ዶክተር ሰብለ ደንቡን በድምፅ ማጉያ አነበበች። ፈተናው ሦስት ነው። አንደኛው የፈረሱ ጤናና አያያዝ፣ አርባ ነጥብ። ሁለተኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው አሥር በር በሠሩ ቢጫ ጀሪካኖች መሀል ሳይነኩ ማለፍ፣ ሠላሳ ነጥብ። በእያንዳንዱ ጀሪካን አናት ላይ ሎሚ ተቀምጧል፤ የወደቀ ሎሚ ነጥብ ይቀንሳል። ሦስተኛው የተሳፋሪ ምቾት፣ ሠላሳ ነጥብ፤ ተሳፋሪው ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የፈሰሰው ይታያል። ለፍጥነት ምንም ነጥብ የለም። አለንጋ ባረፈ ቁጥር ሦስት ነጥብ ይቀነሳል፤ እሱን የሚቆጥረው ትራፊኩ ነው።

"ለፍጥነት ነጥብ ከሌለው ምኑን ውድድር ሆነ? ቀብር ሸኚ ነን እንዴ?" ብሎ አንድ የቢሾፍቱ ነጂ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

"ተሳፋሪ ተሳፋሪ ነው" ብላ ቀጠለች ዶክተር ሰብለ። "ነጂውን በቃልም በጣትም የመራ ተሳፋሪ አሥር ነጥብ ያስቀንሳል።" ይህን ስትል እኔን ያየችኝ መሰለኝ።

አንደኛው ፈተና የዐይን ብቻ አይደለም። ዶክተሯ እጇ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በደረት ማሰሪያው ሥር ታስገባዋለች። ቁስል የሚደበቀው እዚያ ነው። ከእኛ ሁለት ጋሪ ቀድሞ የቆመ አንድ ጥቁር ፈረስ ነበር። ጨርቁ ሲወጣ እሱም ጥቁር ሆነ። ነጂው ቁስሉን የጫማ ቀለም ቀብቶበት ኖሯል! ሰዉ አጉረመረመ፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። ፈረሱን አስፈትታ፣ ቁስሉን በውሃ አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ፣ ሁለት ሳምንት እንዳይሠራ ብላ ወረቀት ላይ ጻፈች። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ፈረሱን ይዞ ወደ ጥላ ሄደ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ጨርቁ በዳማ ደረት ሥር ገብቶ እንደ ገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። በኮርቻው ሥር ሞከረች፤ ነጭ። ሰኮናዎቹን አነሳች፣ አፉን ከፍታ አየች።

"አባባ፣ በየስንት ጊዜው ነው የሚያዩት?" አለቻቸው።

"በየማታው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው በጣቴ ነው የማየው" አሉ።

"በጣትዎ?" ብላ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ከኋላ ግራ ሰኮናው አንድ ሚስማር ላልቶ ስላገኘች አንድ ነጥብ ቀንሳ ሠላሳ ዘጠኝ ሰጠች። ከአሥራ ዘጠኙ ጋሪ ይህን ያህል ያገኘ የለም። አማቴ ትከሻቸው ሰፋ።

ጀሪካኖቹ

ከሁለተኛው ፈተና በፊት ነጂዎች መንገዱን በእግራቸው እንዲያዩት ይፈቀዳል። ሌሎቹ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ዞሩት። አማቴ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በዝግታ ሄዱ። የዳማን እርምጃ እየቆጠሩ መሆናቸው ገባኝ፤ አሥሩንም በር በቃላቸው ሊይዙት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ቁጣዬ ለአፍታ ጠፍቶ ባለፉልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ገባን። የመጀመሪያውን በር በመሀሉ አለፍን። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አለፍን። አንድም ሎሚ አልወደቀም። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ አምስተኛው በር ስንታጠፍ በገመዱ ጀርባ የቆመው ሁሉ ቪዲዮ ሊቀርጸን ስልኩን ከፍ አደረገ።

ዳማ ያየው ሃያ የተነሳ እጅ ነው። ቀጥ አለ።

"ግቡ! ግቡ!" አሉ አማቴ ከልምዳቸው።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። የሚገባ ሰው ስለሌለ ዳማ ንቅንቅ አልል አለ። አማቴ በብዙ ልመና ሲያስነሱት ቁጥሩ ጠፍቷቸዋል። አምስተኛውን እንደምንም አልፈን ስድስተኛው በር ላይ የቀኙ ጎማ ጀሪካኑን መትቶ ገለበጠው፤ ሎሚው ተንከባለለ። ሰባተኛው በር በግራ ነው። እሳቸው ዛቡን ወደ ቀኝ ጎተቱት።

በቀኝ በኩል ገመዱ ሥር አንዲት ቆሎ ሻጭ ሴት ሰፌዷን ከፊቷ አድርጋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለመነሳት ጊዜ አልነበራትም። "አባባ፣ ወደ ግራ!" ብዬ ጮኽኩ። ሴትየዋም ጮኻ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ዳማ የተነሱትን እጆች አይቶ ከእሷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ተነፈሰ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሎዋን መብላት ጀመረ።

"ይብላ!" አለች ሴትየዋ፣ ሰፌዷን ወደ ዳማ እየገፋች። "እኔን ከሚረግጠኝ ይብላ!"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አማቴ ፊታቸው አመድ መስሏል። በዝግታ ወደ እኔ ዞረው "ማን ነበረች?" አሉኝ።

ፍርዱ

ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ። በአማቴ ቀኝ ቆመው የዱላውን ጫፍ እስከ ቅንድባቸው ድረስ አስጠጉት። አማቴ ዐይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ወደ ግራ ዞረው ያንኑ ሲያደርጉ ግን አማቴ ፊታቸውን ሸሸት አደረጉ።

"ውረድ ወንድሜ" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። ዛቡን ከእጃቸው ተቀብለው ራሳቸው ያዙት።

ዶክተር ሰብለ በስልኳ መብራት ዐይናቸውን አየች። "እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የሰው አይደለሁም" አለች። "ግን ይህን በፈረስም በውሻም አይቼዋለሁ። የዐይን ሞራ ይመስለኛል። የዐይን ሐኪም ያረጋግጥልዎት።"

"ሞራ ከሆነማ ምን ያስፈራሃል!" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። "ይኸው፣ እኔ ሁለቱንም ተገፍፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ጀሪካኖቹን ማን የደረደራቸው ይመስልሃል?"

አማቴ የሰሙትን ለማመን እንኳ የፈሩ ይመስሉ ነበር። "ይድናል ነው የምትለኝ?"

"እኔ ድኛለሁ።"

አማቴ ከጋሪው አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ከላዬ ላይ ኩንታል እንደ ወረደልኝ ተሰማኝ። ሴትየዋ አልተጎዳችም፤ እኔም ወሬ አቀባይ ከመሆን ዳንኩ፤ ዐይናቸውም ገና ተስፋ አለው። ለሦስተኛው ፈተና የተቀዳልኝን ሻይ አንስቼ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት፤ እኛ ከዚያ ፈተና ተሰርዘን ነበርና።

መጨረሻ ላይ ዶክተሯ ውጤቱን በድምፅ ማጉያ አነበበች። በፈረስ አያያዝ አንደኛ ዳማ፤ ሽልማቱ አንድ ኩንታል ፉርሽካ። ቀጥላ የውጤቱን ወረቀት ሰጠችኝ። ከላይ "ፈረስ፣ 39 ከ40" ይላል። ከታች "ነጂ፣ ውድቅ። ከዐይን ሐኪም ወረቀት እስኪያመጡ ሰው እንዳይጭኑ" ይላል። የቆሎዋን ዋጋ ሦስት መቶ ብር ለሴትየዋ ሰጥቼ፣ በያይነቱ በመቶ ሃምሳ ብር በልተን ለመንገድ ተነሳን።

መልስ

ማን ይነዳል? ጋሽ ቶሎሳ ዛቡን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። "ፈረሱ ቤቱን ያውቃል። አንተ እንዳታስቸግረው ብቻ" አሉኝ። ትራፊኩም ዋናው መንገድ እንዳልወጣና ድልድዩ ጋ ስደርስ ወርጄ ፈረሱን በእጄ እንድስብ አስጠነቀቀኝ። አማቴ ከኋላ ከፉርሽካው ጋር ተቀመጡ።

"አትጎትተው። ንገረው" ይሉኛል። "እጅህን አላላ። ፈረስ ነው የያዝከው፣ በሬ አይደለም።"

ዳማ ሥራውን አልረሳም። እጅ ባነሳ ሰው ሁሉ ፊት ቆመ። አንጭንም ብዬ ሳስረዳ አንዲት አሮጊት "ታዲያ ለምን ቆማችሁ?" ብለው ተቆጡኝ። ፈረሱ ደግሞ ሰው ሳይወጣ አይንቀሳቀስም። መላውን ያገኙት አማቴ ናቸው፤ "ውረድና ተመልሰህ ውጣ" አሉኝ። ወርጄ ወጣሁ። ጋሪው ሲወዛወዝ ተሳፋሪ የገባ መስሎት መንገዱን ቀጠለ። እስከ አቃቂ ድረስ ስድስት ጊዜ ወርጃለሁ፣ ስድስት ጊዜ ወጥቻለሁ።

ገላን ልንደርስ ስንል አማቴ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። "አባቴ በዚሁ ነው የታወረው። መዳኛ እንዳለው ማን ነግሮን? ትዕግስት ሰባት ዓመቷ ነበር። በዱላው ጫፍ ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰው እሷ ነበረች። ጓደኞቿ ሲጫወቱ እሷ ዱላ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች።" ነጠላቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። "ያቺ ልጅ ለእኔም ዱላ እንድትይዝ አልፈለግሁም። ለዚህ ነው የደበቅሁት።"

ጠዋት የተናደድኩባቸውን ያህል አሁን አሳዘኑኝ። ሆኖም "ሴትየዋ ብትሞት ኖሮስ?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "እሱን እስክሞት አልረሳውም።"

11 ሰዓት ተኩል፣ አቃቂ

ትዕግስት የአባቷ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነበር። ዛቡን እኔ ይዤ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔን አየች፣ ከኋላ የተቀመጡትን አባቷን አየች።

"ምን ፈረዱ?" አለችኝ።

አፌን ከመክፈቴ አማቴ ቀደሙኝ። "ዳማ አልፏል። የወደቅሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እንግዲህ የሚሸጠውን አንቺው ምረጪ።"

ከዚያ ከጋሪው ሳይወርዱ ሁሉንም ነገሯት፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ቆሎ ሻጯ። ምንም አላስቀሩም። እኔ የምጨምረውም የምቀንሰውም አልነበረኝም።

"ሞራ ነው አሉ?" አለች ትዕግስት። "የሚገፈፍ?"

"የሚገፈፍ።"

"አባዬ፣ በእውነት የሚገፈፍ ነው አሉህ?"

"የተገፈፈለት ሰውዬ ነው የነገረኝ።"

የበሩን እንጨት ይዛ ቁጭ አለች። ስትስቅ ነው ስታለቅስ አልለይ አለኝ። "አውቄ ነበር" አለች። "የባጃጁን ወሬ ስሰማ አውቄ ነበር። እኛ ቤት ስትመጣ ሹካውን በእጅህ ስትፈልግ አይቻለሁ። አያቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። ስሙን መጥራት ፈርቼ ነው፣ ዳማ ይሸጥ ያልኩት።"

ቀኑን ሙሉ ምስጢር ተሸክሜያለሁ ብዬ ስጨነቅ ውያለሁ። ለካ ሦስታችንም እናውቃለን። አባት ለልጁ ብሎ፣ ልጅ ለአባቷ ብላ፣ እኔ ለሁለቱም ብዬ ስንደባበቅ፣ ቃሉን በአፉ የጠራው አንድም ቀን አይቶን የማያውቅ የሞጆ ሽማግሌ ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ውድቅ ያልኩትን ጫማ ወደ ቅርጫት ወርውሬ ቀጣዩን አነሳለሁ። እነዚያ ዳኞች ግን ውድቅ ካሉ በኋላ ነው ሥራቸውን የጀመሩት፤ ለጥቁሩ ፈረስም፣ ለአማቴም። ከጉዞው የተማርኩት ይህንን ነው።

ትዕግስት የዳማን መሸጥ ሁለተኛ አላነሳችም፤ የውጤቱን ወረቀት ግን ወስዳ ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ጥር ላይ የአማቴ ቀኝ ዐይን ተገፈፈ። የዐይናቸው ፋሻ በተፈታ በሳምንቱ ምሳ ሊበሉ መጡና ኮታቸውን ሳያወልቁ ግድግዳው ሥር ቆሙ። ማንም አላነበበላቸውም። "ነጂ፣ ውድቅ" ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ጠጋ ብለው እንደገና አዩት።

"ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው ይሄ?" አሉ። "ዶሮ የጫረችው ይመስላል።"